ፊሽካው በአጎቴ ልጅ አንገት ላይ

የሰፈራችን የሳምባ ቡድን የጀመረው በቢጫ ጀሪካን ነው። ይህን አስረግጬ መናገር የምችለው የመጀመሪያውን ጀሪካን ከቤት ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ስለሆንኩ ነው። ታቹ ተሰንጥቆ ስለነበር እናቴ ልትጥለው ነበር። ለምን እንደፈለግኩት ስነግራት፣ ገበያ የምታወጣውን ቅቤ በኮባ ቅጠል እየጠቀለለች፣ ውሃ መያዝ ያቃተው ዕቃ ድምፅ ከያዘ ውሰጂው አለችኝ።

ሳምባ ከሶዶ በጣም ሩቅ በሆነ አገር የተወለደ የከበሮ ጨዋታ ነው። ለእኛ ያመጡልን ከከተማችን ወጣ ብሎ ዱቦ በሚገኘው ሚሲዮን ያገለግሉ የነበሩ አንዲት ብራዚላዊት መነኩሲት ናቸው። ሁላችንም ሲስተር እንላቸው ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በሚኒባስ ይመጡና በወጣት ማዕከሉ ግቢ ውስጥ የሰፈሩን ልጆች ይሰበስቡናል። ከጀሪካን ወደ ቀለም ባልዲ፣ ከባልዲ ደግሞ ሲስተር ወዳመጡት፣ ለሁለት ወደተቆረጠና የጥጃ ቆዳ ወደተወጠረበት በርሜል አደግን። በክረምት የዳሞታ ተራራ በጉም ሲሸፈን ቆዳው ይረግባል። ያኔ የባሕር ዛፍ ቅጠል አንድደን፣ ብርድ እንደያዘው ሰው፣ በርሜሎቹን እሳት እናሞቃቸዋለን።

ትልልቆቹ ከበሮዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ይጠይቃል፣ ሁለተኛው ይመልሳል። ትንንሾቹ በሁለቱ መካከል ይሮጣሉ። መሪው ከበሮ አይይዝም። ለተመልካቹ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ መቺዎቹ ይዞራል፤ በፊሽካ ያስጀምራል፣ በፊሽካ ያስቆማል። ሲስተር ፊሽካቸውን በቀይ ክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉት ነበር። እኔ ሁለተኛውን ትልቅ ከበሮ ነበር የምመታው። እጄ በርሜሉ ላይ ቢሆንም ዓይኔ ከቀዩ ክር ላይ አይነሳም ነበር። ሲስተር አንድ ቀን ወደ ሌላ ቦታ መዛወራቸው እንደማይቀር ሁላችንም እናውቃለን። ያን ቀን ፊሽካው ወደ እኔ እንደሚመጣ በልቤ አልተጠራጠርኩም።

ቡድናችን አንድ ሕግ ነበረው፤ ማንም አፉን አይከፍትም። ሕጉን ያወጣነው እኛው ነን። አብዛኞቻችን የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ልጆች ስለሆንን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ያን ያህል የሚጮኸው ነገር ዘፈን ይሆን እንዴ ብለው ወላጆች ተጨነቁ። አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሊያዩን መጡ። ወንበር ተሰጣቸው፣ እስከ መጨረሻው አደመጡ፣ ከዚያም ግጥም አለው ወይ ብለው ጠየቁ። የለውም አልናቸው። እንግዲያው ዘፈን ሊባል አይችልም ብለው ባርከውን ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ቃል የሚባል ነገር ከቡድኑ ጠፋ። ሲስተር በአገራቸው ሳምባ እንደሚዘፈን ነግረውናል፤ የእኛን ሕግ ግን አከበሩልን። ሕጉን የማስከብረው እኔ ነበርኩ። ትንንሾቹ እየመቱ ሲያንጎራጉሩ ካየሁ በዓይኔ እገስጻቸዋለሁ። ምቱን የማስተምራቸውም በቁጥር ነበር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ከንፈር ብቻ እያንቀሳቀሱ።

የአጎቴ ልጅ ከገሱባ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። አባቷ የእናቴ ወንድም ነው። ሶዶ ብትማር ይሻላታል ብሎ ላካትና አንድ አልጋ ላይ አብረን መተኛት ጀመርን። በአንድ ዓመት ስለምበልጣት እቴ ትለኛለች። ቅዳሜ ብቻዋን ቤት ከምትውል ብዬ ወደ ማዕከሉ ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ። ዱላ እንዴት እንደሚያዝም ያሳየኋት እኔ ነኝ። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ሌላ ሰው ስለማይናገረው ነው።

እጇ ፈጣን ነበር። እኔ ወራት የፈጀሁበትን እሷ ሻይ እየጠጣች ያዘችው። ስትመታ ሲስተር ሲያዩአት አንገታቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። እኔ ስመታ ዘንበል አድርገው እንደሆነ አላውቅም፤ ዓይኔ ቀዩ ክር ላይ ስለነበር ፊታቸውን ቀና ብዬ አላየሁም። ማታ እሷ ወዲያው ትተኛለች። እኔ ግን ትንፋሿ እንኳ ምቱን ጠብቆ የሚወጣ እየመሰለኝ ጣሪያ አያለሁ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ከግቢያችን የከበሮ ድምፅ ሰማሁ። የአጎቴ ልጅ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ገልብጣ ትንንሾቹን ዙሪያዋን አስቀምጣለች። እኔ ስንት ቅዳሜ በቁጥር የለፋሁበትን ምት ሳይሳሳቱ ይመታሉ። አፋቸው ግን ክፍት ነው፤ "ባጭራ፣ ባጭራ፣ ሙቿ" ይላሉ። ሁለቱም በጊፋታ፣ በዘመን መለወጫችን፣ በቅቤ ርሰው የሚቀርቡ ምግቦች ናቸው። ሕጉን አታውቂም እንዴ አልኳት።

"እቴ፣ እኔ ቁጥር ላይ እሳሳታለሁ" አለችኝ። "ምግብ ላይ ግን ተሳስቼ አላውቅም።"

ልጆቹ ሳቁ። ቤት ውስጥ ብቻ ይሁን ብዬ አስጠነቀቅኳት። እሺ አለች። እናቴ ከበሩ ላይ ሆና ፊቴን አይታ ነበር። ሌሎቹ ሲሄዱ፣ "ይሄ ቅናትሽ ቅቤ ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ ገበያ አወጣው ነበር" አለችኝ። አልቀናሁም፣ ሕጉ ነው አልኳት። እሷም አዎ ሕጉ ነው ብላ ቅቤዋን ወደ መጠቅለል ተመለሰች።

በዚያ ዓመት ጊፋታ ላይ አደባባይ እንድንመታ ተጠራን። ጠዋት ዘንቦ ስለነበር ቆዳው ረግቧል፤ እሳት የምናነድበት ቦታም አልነበረም። ከተማው በሙሉ ወጥቶ ይጨፍራል፣ ይጮኻል። ትልቁ ከበሮዬ ትራስ የሚመታ ይመስል ነበር። ትንንሾቹ እርስ በርስ መስማት አቃታቸውና ምቱ ተበተነ። የሲስተር ፊሽካም አልሰበሰበው። ያኔ የአጎቴ ልጅ ዱላዋን ወደ ላይ አንስታ ጮኸች፤ "ባጭራ፣ ባጭራ፣ ሙቿ!"

ትንንሾቹ ተቀበሏት። ከዚያ ከፊት ያሉት ሰዎች፣ ከዚያ ከኋላ ያሉት፣ ከዚያ አደባባዩ በሙሉ ተቀበላት። ያን ጠዋት ያንኑ ምግብ በልቶ ያልወጣ ሰው ስላልነበረ ማንንም ማስተማር አላስፈለገም። የረገበውን ቆዳ የሕዝቡ ድምፅ ሸፈነው። እኔም እየመታሁ ዓይኔ ሽማግሌውን ይፈልግ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ እንዲቆጡ ጓጉቼ ነበር። ስንጨርስ አጠገባቸው ቆሜ ሰው ይሄስ ዘፈን አይደለም ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው ሰማሁ።

"ይሄ ዘፈን አይደለም" አሉ ሽማግሌው፤ "ምሳ ነው።"

ሲስተር ከመሄዳቸው በፊት በመጨረሻው ቅዳሜ ቀዩን ክር ከአንገታቸው አውልቀው በአጎቴ ልጅ አንገት ላይ አደረጉት። ሁሉም አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። በኋላ ለብቻዬ ጠሩኝ። "አንቺን ከሁለተኛው ከበሮ ካነሳሁሽ ማን ይመልሳል?" አሉኝ። ምስጋና እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ሰው በሚገባ መልስ ስለሰጠ ብቻ መቼም ጠያቂ አይሆንም ማለት ነው? ይህን አልጠየቅኳቸውም። እሺ ሲስተር ብዬ እጃቸውን ሳምኩ።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ እዚሁ ሶዶ ደረሰኝ። ዶርም ውስጥ አብረውኝ የሚኖሩት ከተለያየ ክፍለ ሀገር የመጡ ልጆች ናቸው። የቡድናችንን ታሪክ ነግሬያቸዋለሁ፤ የጀሪካኑን፣ የባልዲውን፣ የሲስተርን። ባጭራና ሙቿ ጋ ሳልደርስ ሁልጊዜ ይመሽብናል፤ ወይም እንዲመሽ አደርጋለሁ። ወሬው የባህል ክበቡ ዘንድ ደርሶ፣ ለአዲስ ተማሪዎች አቀባበል ቡድኑን ጠሩት። ከመስራቾቹ አንዷ ስለሆንኩ መድረክ ላይ ታሪኩን እንዳቀርብም ጠየቁኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ስዘጋጅ ታሪኩ ሲስተር በርሜሉን ባመጡበት ቀን በጣም ጥሩ ሆኖ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው አዲስ ነገር እንጂ ታሪክ አይደለም ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር።

በዕለቱ ቡድኑ በርሜሎቹን በባጃጅ ጭኖ በር ላይ ደረሰ። የአጎቴ ልጅ ቀዩን ክር እንዳንጠለጠለች ወርዳ አቀፈችኝ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን አልቀየረችም።

"እቴ" አለችኝ በጆሮዬ፣ "ስለ እኔ ምንም አትበዪ። እሸማቀቃለሁ።"

የፈለግኩትን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። እኔ በመከራ ልወስደው የነበረውን ነገር እሷ እንደ ቁራሽ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ። በዚህም በለጠችኝ።

መድረክ ላይ ወጥቼ ጀሪካኑን ተናገርኩ። ሳቁ። የቆዳውን እሳት ተናገርኩ። ሲስተር በርሜሉን ያመጡበት ጋ ደርሼ ማብቃት ነበረብኝ፤ ግን ከፊቴ የተቀመጡት ልጆች ከባጭራም ከሙቿም ጋር አይተዋወቁም። ካልነገርኳቸው ዛሬ የሚመልስ አይኖርም። መልስ ሳይኖር ደግሞ ጨዋታው ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። "ከዚያ የአጎቴ ልጅ ከገሱባ መጣች" አልኩ። ሳፋውን ነገርኳቸው፣ ጊፋታውን ነገርኳቸው፣ የሽማግሌውን ቃል ነገርኳቸው። ከዚያም ማንም አፉን እንዳይከፍት ስንት ዓመት የጠበቅኩት እኔ፣ አዳራሹን ሁሉ ቃሉን አስጠናሁት። መጀመሪያ ተንተባተቡ። ደግሜ አስባልኳቸው።

የአጎቴ ልጅ ለአዳራሹ ጀርባዋን ሰጥታ ፊሽካውን ነፋች። ሁለተኛውን ከበሮ አሁን የሚመታው ልጅ ትንሽ ይቸኩላል፤ ተመልካቹ ግን ሸፈነለት። እኔ ከጎን ቆሜ በእግሬ ጣት ስቆጥር ነበር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሲያልቅ ስሟን ይጠሩ ነበር። የእኔን ስም ግን ክበቡ ሲያስተዋውቀኝ ተሳስቶ ነበር የጠራው።

ማታ ዶርም ስንገባ ከላይኛው አልጋ የምትተኛው ልጅ ባጭራ፣ ባጭራ እያለች የአልጋውን ብረት ትመታለች። ፊሽካ የያዘችው ልጅ ያቺ ከገሱባ መጣች ያልሽን ናት እንዴ፣ እንዴት ያለች ልጅ ናት አለችኝ።

"የአጎቴ ልጅ ናት" አልኳት። ብርድ ልብሴን እየሳብኩ፣ "ዱላ አያያዝ ያሳየኋት እኔ ነኝ" አልኩ።

አልሰማችኝም። ሙቿ ላይ ደግሞ ትቸኩላለች። ዝም ብዬ ልተዋት ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ተነስቼ የአልጋውን እግር እየመታሁ መለስኩላት።