የአንገር ጀልባ መሪ እምቢ ያለ ቀን

ግራሶና የወንዝ ጭቃ ሲቀላቀሉ የሚያወጡትን ሽታ ታውቀዋለህ? ከየት አባትህ ታውቀዋለህ! ትናንት ጨለለቂ ሰፈር፣ ባጃጅ ከሚጠግኑት ልጆች ደጃፍ ዝናብ ተጠልዬ ቆሜ ሳለ ያ ሽታ ድንገት መጣብኝ። ግድግዳውን ተደገፍኩ። አንደኛው "አባባ፣ አረፍ ይበሉ" ብሎ የዘይት በርሜል አስጠጋልኝ። ተቀመጥኩ፤ ልቤ ግን አንገር ወንዝ ዳር ነበር።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። እኔ ያኔ ክንዴ የማያርፍ፣ ምላሴም ከክንዴ የማይሰንፍ ጎረምሳ መካኒክ ነበርኩ። የወንዙን ልክ ሊለኩ የመጡ ፈረንጆች ጥለዋት የሄዱ አንዲት ጀልባ ነበረች፤ ክረምት ሲገባ የጊዳን ሰው ወደ ነቀምቴው መንገድ የማሻግረው በእሷ ነው። ጉደኛ ጀልባ ነበረች። ሞተሯ ሆዷ ውስጥ ነው፤ ውልብልቢቷ ግን ከኋላ ግድግዳዋ ውጭ በተንጠለጠለ የብረት እግር ላይ። መሪውን ስታዞር አንድ ካቦ፣ የብረት ገመድ፣ በግድግዳው ቱቦ ሾልኮ ይወጣና ያንን እግር ግራና ቀኝ ይገፋዋል። እግሩ ግድግዳውን በሚያልፍበት በኩል ውሃ እንዳይገባ ወፍራም የጎማ እጅጌ ለብሷል። ይህን ካወቅህ ይበቃሃል፤ ሌላውን እኔም በጥፊ ነው የተማርኩት።

አንድ የገበያ ቅዳሜ መሪው ጭራሽ እምቢ አለ። ዝገት ካቦውን ከቱቦው ጋር አጣብቆታል፤ የጎማው እጅጌም ተሰንጥቋል። ጀልባዋን በጊዳ ወገን ባለው ዳርቻ ጭቃው ላይ ጎትቼ፣ ቂጧን ወደ ላይ አድርጌ፣ እየተራገምኩ ስፈታታ ከገበያው በኩል ጩኸት ሰማሁ። ወዲያው ሰው እንደ ጎርፍ ወረደ።

ከፊት የሚጎትቱት ታናሽ ወንድሜን ነበር። ከአንድ በሬ ነጋዴ ጋር በወይፈን ተጣልተው፣ ነጋዴው የወንድሜን ፊት በጅራፍ ሰነጠቀው፤ ያ የእናቴ ልጅ ደግሞ ቢላዋ መዞ ጎኑ ላይ ሻጠበት። ገበያተኛው በዱላ ቀጥቅጦታል። አንድ ዓይኑ አይታይም፣ ከንፈሩ ተተርትሯል። ዳርቻው ላይ ካለ የሾላ ግንድ ጋር በጠፍር አሰሩት። ከኋላ ነጋዴውን በቃሬዛ አመጡት፤ የጠቀለሉበት ጋቢ በደም ርሷል። ከቃሬዛው ጎን የነጋዴው ታላቅ ወንድም ምንሽር ጠመንጃውን አንግቶ ይሄዳል። ረጅም፣ ዝምተኛ ገበሬ ነበር።

እሱ ነው ያፈጠጠብኝ። "ይሄ የሞተ ብረት ይሻገራል?" አለኝ።

"ከተጠገነ ይሻገራል።"

"ወንድሜ ሐኪም ቤት ሳይደርስ ከሞተ፣ ያንተም ከዚያ ዛፍ አይፈታም።"

አንድ ጎረምሳ "የገዳይ ወንድም እንዴት ይነካዋል? መሃል ወንዝ ላይ ሊያሰምጠው ነው!" ብሎ ዱላውን ትከሻዬ ላይ አሳረፈው። መፍቻዬን አንስቼ ዞርኩበት። እውነቴን ነው፣ አናቱን ልበረቅሰው ነበር። ከሰዉ ጋር ከወረዱት ሽማግሌዎች አንዱ ዘንጋቸውን በመሃላችን አጋደሙ።

አየህ፣ በእኛ አገር ደም የተፋሰሰ ወገን ጉማ፣ የደም ካሳ፣ ተከፍሎ እስኪታረቅ ድረስ አንድ ማዕድ አይቀርብም፤ አንዱ ከሌላው እጅ ውሃ እንኳ አይቀበልም። ከተቀበለ ደሙን ተወ ማለት ነው። ታዲያ ያን ቀን ጀልባ የሚያውቅ እጅ እኔ ጋ ብቻ ነበር። ሽማግሌው ሰማዩን አዩ፣ ወንዙን አዩ፣ ከዚያ ፈረዱ፦ "እጁ ብረቱን ይንካ። ቁስለኛውን አይንካ። የቁስለኛው ወንድም አብሮ ይሻገር።"

ሥራዬን ቀጠልኩ። የካቦውን ጫፍ ከብረቱ እግር ጋር የሚያያይዘውን ሹል ብረት ነቅዬ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩ። ያ የተረገመ ጎረምሳ "ይኸው! ነቅሎ እየደበቀ ነው!" አለና አንስቶ ወንዙ ውስጥ ወረወረው። በስመ አብ! ጭንቅላቴን ያዝኩ። "አንተ ደንቆሮ፣ መሪው እኮ የሚይዘው በሱ ነው!" ብዬ ጉሮሮውን አነቅኩት። ጭቃው ላይ ተንከባለልን፤ አፍንጫዬን ሰበረው፣ ጥርሱን አረገፍኩለት። የተለያየነው ምንሽሩ ጆሯችን ሥር ሲጮህ ነው።

ተኳሹ የነጋዴው ወንድም ነው። የተኮሰው ወደ ሰማይ ነበር። "ምን ይተካዋል?" አለኝ።

ደሜን እየጠረግሁ ዙሪያውን አየሁ። ዓይኔ ጠመንጃው ላይ፣ ከአፈሙዙ ሥር ባለው የመወልወያ ዘንግ ላይ አረፈ። ውፍረቱ ልክ ነው። ሰውየው ዓይኔን ተከትሎ አየና ገባው። ዘንጉን መዞ ሰጠኝና መጋዙን ስስብ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ አጠገቤ ተቀመጠ። ቱቦው ላይ ላምባ አፈሰስኩ፣ በእሳት ለበለብኩት፣ በመዶሻ ደበደብኩት። በእያንዳንዱ ምት ወንድሜ ከዛፉ ሥር ያቃስታል፤ መዶሻው እኔን የሚመታ ይመስለኝ ነበር። ካቦው ሲጮህ፣ ሲጮህ፣ በመጨረሻ ተላቀቀ። የተሰነጠቀውን እጅጌ በአሮጌ የጎማ ላስቲክ ጠቀለልኩና አንዲት ማር ነጋዴ ባመጣችልኝ ሰም ለሰንኩት። መሪውን አዞርኩ። እግሩ ዞረ። ማንም እልል አላለም።

ሦስት ሆነን ገባን፤ እኔ፣ ቁስለኛውና ወንድሙ። አንገር ያን ቀን ወንዝ አልነበረም፣ እብድ ነበር። ሙሉ ዛፍ ከነሥሩ ይዞ ይወርዳል። መሃል ላይ ስንደርስ አንድ ግንድ ኋላችንን ነረተው። የዘንጉ ቁራጭ ያዘ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እጅጌው ግን ተበጠሰና ውሃው በኋላ ግድግዳው በኩል ተንፎለፎለ። የነጋዴው ወንድም ጠመንጃውን ጥሎ የለበሰውን ጋቢ ቀዳዳው ውስጥ ጠቀጠቀ፤ በሁለት እጁና በደረቱ ተጫነው። ቢለቀው እንሰምጣለን።

ቁስለኛው ያኔ ነው ዓይኑን የገለጠው። ራሱ ወደኔ በኩል ነበር። "ቢሻን" አለ፤ ውሃ ማለቱ ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲሉ ሰምተህ ይሆናል፤ እኔ በዓይኔ አየሁት።

ወንድሙ "ቆይ፣ እኔ እሰጥሃለሁ! ስንሻገር እሰጥሃለሁ!" ብሎ ጮኸ።

ሰውየው ወደ እኔ አየ። የወጋው ሰው ወንድም መሆኔን አሳምሮ ያውቃል፤ ስንቴ አሻግሬዋለሁ። "ኦቦሌሳ፣ ማሎ፣ ቢሻን" አለኝ። ወንድሜ፣ እባክህን፣ ውሃ።

"አትስጠው!" አለ ያኛው ከኋላ። ድምፁ ውስጥ ልቅሶ ነበር።

ምን ታደርግ ነበር አንተ? በቀኝ እጄ መሪውን ይዤ በግራዬ ኮዳዬን ከጎኔ አነሳሁና ከንፈሩ ላይ አስጠጋሁለት። ጠጣ። አገጩ ላይ የፈሰሰውን በመዳፌ ጠረግሁለት። ይቅር ብሎ ይሁን ጠምቶት ብቻ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዳንድ ቀን እንዲህ፣ አንዳንድ ቀን እንዲያ ይመስለኛል።

ማዶ ተሻጋሪ የሚጠብቅ የጭነት መኪና ቆሞ ነበር። ልንጭነው ስናነሳው አለፈ። ወንድሙ ዓይኑን ከደነለት፣ አገጩን አሰረለት፣ ከዚያ "መልሰን" አለኝ። ቀዳዳውን እንደገና ጠቅጥቄ፣ ሬሳውን ይዘን ተመለስን። ወንድሙ በመንገዱ ሁሉ ጠመንጃውን ከወለሉ አንስቶ እንደጨበጠ ነበር። እኔ የማየው የሾላውን ዛፍ ብቻ ነው።

ሬሳውን ሲያዩ ሴቶቹ እሪ አሉ። ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው ወደ ወንድሜ ሮጡ። ጀልባዋን ትቼ ዘለልኩ፤ ጭቃው ጉልበቴን ያዘኝ፣ አልደረስኩም። የመጀመሪያው ዱላ ሲያርፍበት ሰማሁት።

"ጠጥቷል!"

የነጋዴው ወንድም ነው። ውሃው ውስጥ እስከ ወገቡ ቆሞ ይጮሃል። "ከገዳዩ ወንድም እጅ ውሃ ጠጥቷል! እኔ አይቻለሁ! ማንም እንዳይነካው!"

ዱላዎቹ ቆሙ። አስብ እስኪ፤ ከእሱና ከእኔ በቀር ያየ ሰው አልነበረም፣ የእኔን ቃል ደግሞ ማን ይሰማል? ዝም ቢል ኖሮ ወንድሜ ያን ማታ ከነጋዴው ጋር ይቀበር ነበር። ጠፍሩን በጥሶ የፈታው ያው የነጋዴው ወንድም ነው። ወንድሜ ዓመታት ኖረ፣ ወለደ፣ አልጋው ላይ ሞተ። ጉማውንም ከፍለን ታረቅን።

ሰው ሁሉ ሬሳውን ተከትሎ ሲወጣ የነጋዴው ወንድም ወደኋላ ቀረና ወደ እኔ መጣ። እጆቹ በጎማና በሰም ጠቁረዋል። ሊገድለኝ ይሆን ብዬ ነበር።

"የሰጠኸው ውሃ" አለኝ፣ "ቀዝቃዛ ነበር?"

ኮዳዬ ቀኑን ሙሉ ከሞተሩ ጎን ነው የዋለችው፤ ውሃው ትኩስ ነበር።

"ቀዝቃዛ ነበር" አልኩት።