ሥራ ፈቷ ጣት

ጠይብ መሰላል ተሸክሞ ሲያልፍ ያየ የደባርቅ ሰው ዲሽ ሊያስተካክል የሚሄድ ይመስለዋል። ድሮ ሥራው እሱ ነበር። በደባርቅና በዳባት ያሉ ሆቴሎች በራቸውን በካርድና በጣት አሻራ ማስከፈት ከጀመሩ ወዲህ ግን መቆጣጠሪያ ሳጥኑን የሚገጥመው፣ ባትሪውን የሚቀይረው፣ ክረምት ሲገባ እርጥበት የነካውን ሽቦ የሚያደርቀው እሱ ነው። ሲሠራ ለራሱ ያንጎራጉራል፤ አይቸኩልም። ደንበኞቹ «ጠይብ ከጀመረ ጀንበር ትጠልቃለች» እያሉ ይቀልዱበታል፤ ሌላ ሰው ግን አይጠሩም።

ባለፈው ጥር ከከተማው ወጣ ብላ ያለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን በዕቃ ቤቷ በር ላይ የአሻራ ቁልፍ እንዲገጥም አስጠራችው። ዕቃ ቤቱ ከጥንት ጀምሮ ሦስት ቁልፍ ነበረው፤ ሦስቱ ቁልፍ ያዦች ካልተገናኙ መስቀልም መጽሐፍም አይወጣም። ጠይብ ይህን ሥርዓት አልነካውም። የተመዘገቡት ሦስት ሰዎች ተከታትለው ጣታቸውን ካልጫኑ በሩ እንዳይከፈት አድርጎ ሳጥኑን አዘጋጀው።

ምዝገባ ሲጀመር ገበዙ ሀብተ ሚካኤል አውራ ጣታቸውን ጫኑ፤ አረንጓዴ በራ። የኮሚቴው ጸሐፊ ክንዴም ጫነ፤ አረንጓዴ። ሦስተኛው ቁልፍ ያዥ መምሬ ወልደ ሩፋኤል ሲጫኑ ቀይ በራ።

«ይጥረጉትና ይድገሙት፣ መምሬ» አለ ጠይብ።

በጋቢያቸው ጠርገው ደገሙት። ቀይ። ሌላውን እጃቸውን ሞከሩ። እሱም ቀይ።

«ምን ቢያደርጉት ነው እንዲህ የጠላዎት?» አለ ክንዴ። ሰው ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። ያን ቁልፍ አባታቸው በወገባቸው ታጥቀውት ኖረዋል፤ ከአባታቸው በኋላ ደግሞ እሳቸው።

«ካርድ ልሰጥዎት እችላለሁ» አለ ጠይብ።

«ካርድ ከእጅ እጅ ይዞራል፤ ጣት ይሁን ብለን ተስማምተናል» አለ ክንዴ። ወደ መምሬ ዞሮም ድምፁን ለዘብ አደረገ። «እሑድ ለበዓሉ ዕቃ ይወጣል። እስከዚያ ካልሆነ ዲያቆኑ በእርስዎ ቦታ ይመዝገብ። ድካሙም ይቀርልዎታል።»

«ደከመኝ ያልሁት መቼ ነው?» አሉ መምሬ ቀስ ብለው።

ጠይብ እጃቸውን ይዞ ወደ ብርሃን አዞረው። የአውራ ጣቱና የአጠገቡ ጣቶች ጫፍ እንደ ወንዝ ጠጠር ለስልሷል፤ መስመር የሚባል የለውም።

«ምን ሠርተውበት ነው?»

«ብራና እፍቃለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ።»

«እስቲ ሲሠሩ ልይዎት።»

ከቤተ ክርስቲያኗ ጀርባ ወደ መምሬ ቤት ሄዱ። በረንዳው ላይ የፍየል ቆዳ በእንጨት ተወጥሮ ቆሟል። መምሬ ቆዳውን ውኃ ረጨት አደረጉበትና በሻካራ ድንጋይ ይፈትጉት ጀመር። ጠይብ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ ቆዳውን ትቶ እጃቸውን ብቻ ተመለከተ። አውራ ጣትና ሌሎቹ ሦስቱ ከድንጋዩ ጋር አብረው ይፋተጋሉ። ትንሿ ጣት ግን ከእነሱ ተለይታ ወደ ላይ ቀና ብላለች፤ ድንጋዩንም ቆዳውንም አትነካም።

«መምሬ፣ ይህቺ ጣት ምን ትሠራለች?»

«እሷማ ሰነፍ ናት። አባቴ ስለ እሷ ስንት ጊዜ ተቆጥተውኛል። አልታጠፍ አለች።»

«እንኳንም አልታጠፈች» አለና ተነሣ።

ተመልሰው ትንሿን ጣት ሲያስመዘግቡ አረንጓዴ በራ። ከዚያ ገበዙ፣ ክንዴ፣ መምሬ በየተራ ጫኑ። ቁልፉ ጠቅ አለና በሩ ተላቀቀ። መምሬ ጣታቸውን እንደ አዲስ እያገላበጡ አዩት።

«ሰነፏ በለጠች እኮ» አለ ክንዴ።

«ተው፣ ከእንግዲህ ሰነፍ አትበላት። ተረኛ ናት» አሉ መምሬ።

ሐምሌ ላይ ጠይብ ባትሪውን ሊያይና አሻራ ማንበቢያውን ሊወለውል ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ወጣ። ጉሙ እስከ አጥሩ ወርዶ ነበር። መምሬ በረንዳቸው ላይ ብራና ይፍቃሉ፤ ትንሿ ጣታቸው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላለች።

«ቆረጠዎት እንዴ?»

«የለም፣ ደህና ናት። ሳላስበው ድንጋዩ እንዳያገኛት ብዬ ነው።»

«በሩን ልሞክረው ነበር።»

«ታዲያ ሁለቱን ልጥራልህ» አሉ። ጨርቁን ቀስ ብለው ፈትተው አጠፉትና ኪሳቸው ከተቱት፤ በትራቸውን አንሥተው በጉሙ ውስጥ ወደ ገበዙ ቤት አቀኑ።