አጎቴ ፌለቲ ፊቱን ሲያዞር

አጎቴ ፌለቲ ዓሣ ነባሪ መግደልን የሚከለክለው አዋጅ ከመውጣቱ በፊት በደሴታችን በቫቫኡ ዓሣ ነባሪ በመውጋት የታወቀ ጦር ወርዋሪ ነበር። እኔ ቱሪስቶችን ዓሣ ነባሪ የማሳይባት ጀልባ ስገዛ የመጀመሪያው ሠራተኛዬ፣ እሱ እንደሚለው ደግሞ አለቃዬ፣ ሆነ።

ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ ተቀምጦ የዓሣ ነባሪዋን ትንፋሽ ከማናችንም በፊት ይሰማል። «አንቺ ሉሲያኔ! አጥፊው ይሄን ሞተር፤ እንደ ፈላ ድስት ተንተከተከ እኮ!» ይለኛል። ዓሣ ነባሪዋ ግልገል ከያዘች አብረዋት ሊዋኙ የመጡትን እንግዶች ውሃ ውስጥ አናወርድም፤ ዞረን እንሄዳለን። ሕጉ የእሱ ነው። አንድ እንግዳ «የከፈልነው ለዚህ ነው» ብሎ ቢያጉረመርም፣ «አራስ ቤት ሳትጠራ ትገባለህ?» አለው።

አንዳንዴ ግን ግልገሉ ራሱ ይጠጋናል። እንግዶቹ «ወደደን!» እያሉ ሲያጨበጭቡ አጎቴ ፊቱን ያዞራል። የዓይኑ ሕመም ነው እል ነበር።

አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ እየበላን፣ «አጎቴ፣ ግልገል ባየህ ቁጥር ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

ምግቡን ገፋ አደረገው።

«ድሮ በአደኑ ጊዜ የአንድ ግልገል እናት ወጋሁ፤ የጦሩ ገመድ ተበጥሶ ሰጠመች። ግልገሉ ጀልባችንን እየታከከ እስከ ወደቡ ተከተለን። እናቱ መስለነው ነበር።»

አጎቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። የጀልባዋ አፍንጫ ላይ ያለውን ቦታውን ለማንም እንግዳ አልሰጥም። ግልገል ሲጠጋን ሞተሩን አጠፋለሁ፤ ወደ እናቱ እስኪመለስም ማንም እንዲያጨበጭብ አልፈቅድም።