የአብሮ አደጌ ጃንጥላና የእኔ መላጣ

ሞኝነቴን ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ እኔው ልንገራችሁ፤ ሌላ ሰው ሲያወራው ይጨምርበታል። ደባርቅ ላይ ባዮሎጂ ሳስተምር ሃያ ምናምን ዓመቴ ነው። የፀሐይ ጨረር የሰው ቆዳ ላይ ምን እንደሚሠራ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስረዳለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ የገዛ መላጣዬን ጠበስኩት። ለምን? በቅናት።

ሰው በባለ ሀብት ይቀናል፣ በባለ መኪና ይቀናል። እኔ የቀናሁት በቄስ ነው። አብሮ አደጌ ነው፤ ፊደል የቆጠርነው አንድ ላይ ነው። እሱ በቤተ ክህነቱ ገፋ፣ እኔ ወደ አስኳላው ሄድኩ። በሰው ፊት «አባ» እያልኩ አንቱ እለዋለሁ፤ ብቻችንን ስንሆን አንተ ነው። በዕድሜ በሦስት ወር ይበልጠኛል። ይቺን ሦስት ወር ያዙልኝ።

ነጭ ጥምጥሙን ሳይጠመጥምና ጥቁር ጃንጥላውን ሳይዘረጋ ከቤት አይወጣም። እኔ ከሠላሳ ዓመቴ ጀምሮ መላጣ ነኝ፣ ኮፍያም አልወድም። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ ዳገቱን አብረን እንወጣለን፤ ሁልጊዜ ጃንጥላውን ወደኔ ዘንበል ያደርጋል።

«ና ግባ እንጂ፣ ፀሐይዋ በረታች።»

«የቄስ ጃንጥላ ሥር ገብቼ ሰው መምህሩ መነኮሰ እንዲል ነው?»

«ኧረ ለኔ ብለህ ግባ፣ መላጣህ ዓይኔን አጠፋው!»

አልገባም። በዚህ ብርድ ፀሐይ ምን ታመጣለች እያልኩ ቀደም ቀደም እላለሁ።

አንድ ጊዜ ዳባት ለቅሶ ሄድን። ድንኳኑ በር ላይ አንዲት ሴትዮ መስቀል ተሳለመችና፣ እኔን ከላይ እስከ ታች አየት አድርጋ፣ «አባ፣ አባትዎን ይዘው ነው የመጡ?» አለችው። የሰው ለቅሶ ላይ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ዝም ቢል ምን ነበረበት? እሱ ግን፣ «አዎ ልጄ፣ መንገዱ አድክሟቸዋል፤ የሚደገፉበት ወንበር ፈልጊላቸው» አላት። ወንበሩ መጣ። ተቀመጥኩበት እንጂ ምን አደርጋለሁ!

ማታ ለባለቤቴ ስነግራት ትቆጣልኛለች ብዬ ነበር። «እሱ እኮ እውነትም አያረጅም፤ ፊቱ አንዲት መስመር የለበትም» አለች። ሃያ ዓመት ሙሉ የኔን ፊት ስታይ ከርማ የቄሱን መስመር ትቆጥራለች። ያን ሌሊት እንቅልፍ ቢያሸልበኝም በቅናት ነው ያንኮራፋሁት።

ክፍል ውስጥ የፀሐይ ጨረርን ትምህርት የማስረዳው በጃንጥላ ነው። የቆዳችን ሴል መሀሉ ላይ ኒውክለስ አለው፤ ዲ ኤን ኤው ያለው እዚያ ነው። አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር ገብቶ ዲ ኤን ኤውን ያበላሸዋል። ሴሉ ታዲያ ሜላኒን የሚባለውን ጥቁር ቀለም ሰብስቦ፣ ፀሐይ በምትመጣበት በኩል ከኒውክለሱ በላይ ይዘረጋዋል። «እያንዳንዷ ሴላችሁ ጃንጥላ ይዛለች» ስላቸው ተማሪዎቼ ደስ ይላቸዋል። ምሳሌውን ከማን ላይ እንደወሰድኩት ግን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

ከዳባት በተመለስን በሳምንቱ አንድ ቡቲክ ገባሁና ፊት የሚያጠራ ቅባት ጠየቅሁ።

«ለባለቤትዎ ነው?» አለችኝ ልጅቷ።

«አዎ፣ ለሷ ነው።»

«ማድያት ሙልጭ ያደርጋል፤ ልጅ ነው የሚያስመስላት።»

ያጠራል ማለት ሜላኒኑን ይቀንሳል ማለት ነው፤ የሴሉን ጃንጥላ ያጥፈዋል ማለት ነው። ደባርቅ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ቢፈለግ የምጠራው እኔ ነኝ። ቅናት ግን ትምህርት ቤት አልገባም። ቅባቱን ከፈተና ወረቀት ጀርባ ደብቄ፣ ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ አንድ ወር ቀባሁት። ቀላሁ። አንድ ባልደረባዬ «ምነው፣ ሙሽራ መሰልክ» ሲለኝ፣ እሁድ እስኪደርስና ከቄሱ አጠገብ እስክቆም ቸኮልኩ።

እሁድ ሳይደርስ የትምህርት ቤታችንን የተማሪዎች ክበብ ይዘን ስሜን ተራሮች ላይ ጨነቅ ወጣን። ደመና ነው፣ ንፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። አብሮን ያለው የፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውቱ፣ ራሱን በፎጣ ጠቅልሏል።

«መምህር፣ ኧረ ራስዎን ሸፈን ያርጉ። የዚህ አገር ፀሐይ ብርዱን ለብሳ ነው የምትማታው።»

ከፍታ ሲጨምር ጨረሩ እንደሚብስ፣ የሚያሞቀውና የሚያቃጥለው ጨረር አንድ እንዳልሆነ፣ ደመናም ሁሉንም እንደማያግድ እዚያው ቆሜ በዝርዝር አስረዳሁት። ባዶ ራሴን። ሰውዬው ከስር ከስር «እሺ» እያለ ፎጣውን ጠበቅ አደረገ።

ማታ መላጣዬ እሳት ሆነ። በሦስተኛው ቀን እንደ ተቀቀለ ድንች ይላጥ ጀመር። ከመጠገን በላይ የተጎዱ ሴሎች ራሳቸውን ገድለው ሲራገፉ ነው እንዲህ የሚሆነው፤ አስተምረዋለሁ። አናቴ ላይ ግን አንዲት የሳንቲም ስፋት ያላት ቦታ እንቢ አለች። ትደርቃለች፣ ትቆስላለች፣ ትደማለች። ሦስት ወር ሞላት። ዲ ኤን ኤው ተበላሽቶም ያልሞተ ሴል ሲራባ ምን እንደሚሆን ደግሞ በሚቀጥለው ምዕራፍ አስተምራለሁ። ያን ምዕራፍ ዘንድሮ ዘለልኩት። ኮፍያ ገዛሁና ለባለቤቴ «በርዶኝ ነው» አልኳት።

ኮፍያ ግን መስቀል ሲሳለሙ ይወልቃል። አንድ እሁድ አብሮ አደጌ ፊት ጎንበስ አልኩ፤ መስቀሉ አናቴ ላይ ሊያርፍ ሲል ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ግንባሬን ብቻ ነካኝ። ማክሰኞ ጠዋት ደጄ ላይ ቆሞ፣ «ተነስ፣ ጎንደር ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን» አለ። ለባለቤቴም የነገራት እሱ ነው፤ በዚያም ቀናሁ።

ሐኪሙ ቆርጦ አወጣውና ለምርመራ ላከው። ውጤቱ እስኪመጣ እንኳን ሰው ላስተምር ፈተናም አላረምኩም። መጣ፤ ሴሎቹ መንገድ መሳት ጀምረዋል፣ ወደ ውስጥ ግን አልዘለቁም፣ በጊዜ ደርሰሃል ተባልኩ።

ስንመለስ ከመናኸሪያው ወጥተን ዳገቱን ያዝን። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። አላስቻለኝም፣ ሁሉንም ዘረገፍኩለት፤ የሴትዮዋን ወንበር፣ የባለቤቴን ወሬ፣ ቅባቱን፣ ያን ሁሉ ዓመት በጥምጥሙና በጃንጥላው ስቀና መኖሬን። ይስቃል ብዬ ነበር። ጃንጥላውን ዘረጋ፣ እጄን ይዞ እጀታውን አስጨበጠኝና፣

«በዘረጋሁልህ ነገር ነው ስትቀናብኝ የኖርክ? ለሁለት ይበቃ ነበር እኮ፣ አንተ ሰው! በል ከዛሬ ጀምሮ ያዥው አንተ ነህ፤ የኔ ክንድ ወዳንተ ሲያዘነብል ኖሮ ዝሏል» አለኝ።