የሐጂ ከድር ስንዴና የሌንሳ ትምህርት

ቅዱሳን፣ ጌታ ይባረክ። ዛሬ ቁጭ ብዬ ዝም ማለት አቅቶኝ ነው የወጣሁት፤ ያደረገልኝን ልናገር። ሽማግሌው አሥር ደቂቃ ሰጥተውኛል። ደላላ በአሥር ደቂቃ ጨርሶ አያውቅም፣ ግን እሞክራለሁ። ድምፄ ከፍ ካለባችሁ በማይኩ አትፍረዱ፣ እኔ ነኝ።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፣ ታደሰ ነኝ፣ የኮምባይነሩ ታደሰ። ስንዴው ሊደርስ ሲል ከአጋርፋም፣ ከዚህ ከሮቤ ዙሪያም ካሉ ገበሬዎች ቀብድ እቀበላለሁ። ቀብዱን ለባለማሽኑ እልካለሁ፣ እሱ ማጨጃውን ኮምባይነር ይልካል፣ እኔ ደግሞ በየማሳው በተራ አስገባዋለሁ። ቀብድ ካልደረሰው ባለማሽኑ ጎማ አያነቃንቅም። ገበሬው ግን እኔን ደረሰኝ ጠይቆኝ አያውቅም። የሚያምነው ስሜን ነው፣ እኔም በዚህ ስም እኮራ ነበር፣ ወገኖቼ፣ ኩራቴ ለብቻው ወንበር ይፈልግ ነበር።

ለእግዚአብሔር ጊዜ አልነበረኝም። ባለቤቴ አዳነች እዚህ ስትጸልይ እኔ በር ላይ ፒካፕ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጥሩምባ እነፋ ነበር። ስብከቱ ከረዘመ ደግሞ ሁለቴ። ሳቁ፣ ሳቁ፣ ያ ሰውዬ እኔ ነበርኩ። አሁን ውስጥ ነኝ፣ ሃሌሉያ።

ልጄን ሌንሳንም ታውቋታላችሁ፣ መዘምራን ውስጥ ከኋላ የምትቆመዋ ረጅሟ። ውጭ አገር ካለ ዩኒቨርሲቲ ቅበላ አገኘች። ግማሹን ክፍያ እነሱ ቻሉላት። የቀረው ግማሽ ከነመኖሪያዋ በአባቷ ስም ባንክ መቀመጥ አለበት፣ ያውም አንድ ወር ሙሉ ሳይነካ። ከዚያ ባንኩ ስቴትመንት ይሰጣል፣ ለቪዛ የሚታየው እሱ ነው።

አዳነች ወዲያው፣ “ጎባ ያለውን ቦታ እንሽጠው” አለችኝ። ጎባ ላይ ሆቴል የምሠራበት ቦታ ነበረኝ። ሆቴል አልኩ እንጂ የባሕር ዛፍ አጥርና የድንጋይ ክምር ነው። እኔ ግን በሐሳቤ ሦስተኛ ፎቅ ደርሻለሁ፣ ስሜም በመብራት ተጽፏል። “ልጅ ሄዳ ትመለሳለች፣ ቦታ ከሄደ ሄደ” አልኳት። አዎ፣ በዚህ አፌ ነው ያልኩት፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ታዲያ ምን አደረግኩ? የገበሬዎቹን ቀብድ በሙሉ በራሴ ስም ባንክ አስገባሁት። ስንዴው እስኪደርስ ወሩ ይሞላል፣ ስቴትመንቱን እወስዳለሁ፣ ብሩን ለባለማሽኑ እልካለሁ፣ ማንም አያውቅም ብዬ አሰብኩ። ክፍያውን ደግሞ እዚያ ስትደርስ እናስብበታለን። እንዲህ የሚያደርግ ስንት ሰው አለ፣ እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ዘንድሮ ግን የበልጉ ዝናብ ቀድሞ ጣለ፣ ስንዴውም ቀድሞ ደረሰ። ወሩ ሊሞላ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ሐጂ ከድር ከአጋርፋ ደወሉ። ሐጂ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፣ ይህን ሥራ ስጀምር ማንም ሳያውቀኝ ቀብድ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። “ታደሰ፣ ኢልማ ኮ፣ ስንዴው እኮ ደርቋል። ማሽኑ የት ደረሰ?” አሉኝ። “ኢልማ ኮ” ሲሉ ልጄ ማለታቸው ነው፣ እዚህ ያላችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ።

ሄድኩ። ስንዴው በእጅ ሲያሹት ይፈረፈራል፣ ደመናው በተራራው በኩል ተሰብስቧል። የደረሰ ስንዴ ዝናብ ካገኘው ዛላው ላይ እንዳለ ይበቅላል፣ ከዚያ ወዲያ ገዢ የለውም። የሰውዬው የዓመት ጉሮሮ ነው እዚያ የቆመው። እኔ ግን ዓይናቸውን እያየሁ፣ “ሐጂ፣ ማሽኑ መንገድ ላይ ተበላሽቶብን ነው። ዕቃው ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው” አልኳቸው። ማሽኑ ባለቤቱ ግቢ ውስጥ ደህና ቆሟል።

እሳቸው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? መዳፋቸውን ዘረጉ። “ያ ረቢ፣ የታደሰን ማሽን አስተካክልለት፣ ልፋቱን አታስቀርበት” ብለው ዱዓ አደረጉልኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ “አሚን በል እንጂ” አሉኝ። አሚን አልኩ፣ ወገኖቼ፣ ላልተበላሸ ማሽን። እርጎም ሰጡኝ፣ ጠጣሁት።

ቤት ስገባ ሌንሳ የቪዛውን ቅጽ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ትጠብቀኛለች።

“አባዬ፣ ሐጂ ከድር ባንተ ስልክ እንቢ ሲላቸው በእማዬ ደውለው ነበር። ማሽኑ ተሠራ ወይ አሉ። ለባለማሽኑ ደወልኩለት፣ ምንም አልተበላሸም፣ ቀብድ ነው የምጠብቀው አለኝ። ባንክ ያለው ብር የማን ነው?”

“የኔ ነው። የአባቴ ቁጠባ ብለሽ ጻፊና ፈርሚ።”

“አልፈርምም፣ አባዬ። በሰው ስንዴ አልማርም።”

ያን ጊዜ ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩባት። ለማን ብዬ ነው የምዋሸው፣ ላንቺ አይደለም ወይ አልኳት። እሷ እንባዋ እየወረደ፣ ድምጿን ሳታነሳ፣ “ለእኔ ቢሆን ጎባን ትሸጠው ነበር” አለችኝ። ወጣሁና ፒካፑ ውስጥ ተቀመጥኩ።

እንደተቀመጥኩ መስታወቱ ላይ ጠብታ ጣል፣ ጣል አለ። የሐጂ ማሳ ታየኝ። በሕይወቴ ጸልዬ የማላውቅ ሰውዬ፣ “ጌታ ሆይ፣ እኔ ሌባ ነኝ። ዝናቡን ያዝልኝ ለማለት አፍ የለኝም። እኔን ግን ያዘኝ” አልኩ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አዳነች መጥታ ጎኔ ተቀመጠች። ብዬህ ነበር አላለችኝም፣ ጌታ ይባርካት። እጄን ይዛ፣ “የምለውን ተከተለኝ” አለችኝና እዚያው ፒካፕ ውስጥ ኢየሱስን ተቀበልኩ። ሃሌሉያ። ደረቴ ላይ ኩንታል ተጭኖ ነበር፣ ወረደ።

በማግስቱ ባንክ ሲከፈት እኔ በር ላይ ነኝ። ገንዘብ ከፋይዋ ልጅ፣ “ጋሽ ታደሰ፣ ስምንት ቀን እኮ ነው የቀረዎት። አሁን ካወጡት ስቴትመንቱ ዋጋ የለውም” አለችኝ። “አውቃለሁ ልጄ፣ ለባለማሽኑ ላኪው” አልኳት። በሦስተኛው ቀን ማሽኑ አጋርፋ ገባ። የሐጂ ስንዴ ታጭዶ የመጨረሻው ጆንያ ጎተራ ከገባ በኋላ ዝናቡ ወረደ። ዝናቡ ለእኔ ቆመ አልልም፣ ያየሁትን ግን አየሁ። ጌታ ታማኝ ነው።

እዚያው ለሐጂ እውነቱን ነገርኳቸው። ቁጣቸውን ስጠብቅ፣ “ዱዓዬ ለማሽኑ መስሎኝ ነበር” አሉ፣ “ለካ ላንተ ኖሯል።” ቀጥለው፣ “ዳግመኛ ግን እንዳትዋሸኝ” አሉኝ፣ ይህን ሲሉ አልሳቁም።

የሌንሳ ቅበላ ግን ጊዜው አለፈ። አልወቀሰችኝም፣ ምግብ ግን አልበላ አላት። ቅበላ ያገኙ ልጆች በቴሌግራም የሚያወሩበት ቡድን አለ፤ እዚያ ሱኒታ የምትባል የኔፓል ልጅ ነበረች። የእሷም አባት ብሩ አልሞላለትም። “አትተዪው፣ ለዩኒቨርሲቲው ጻፊ” አለቻት። “እኔን ወደሚቀጥለው ሴሚስተር አዛውረውኛል፣ ክፍያውንም በየሴሚስተሩ አድርገውልኛል።” ኔፓልን ሌንሳ በስልኳ ካርታ ላይ አሳየችኝ፣ እንደኛ ተራራ ነው። ጌታ ከዚያ ተራራ ለእኔ ቤት ሰው ላከ፣ ይባረክ። ሌንሳ ጻፈች፣ ፈቀዱላት። እኔም ጎባን ሸጥኩ። የአሁኑ ብር የራሳችን ነው፣ ወሩንም ሙሉ ተቀምጧል።

አሁን ፊታችሁ ላይ አያለሁ፣ “ታዲያ ቪዛው መጣ?” ትላላችሁ። አልመጣም። አዲስ አበባ ሄዳ አሻራ ሰጥታለች፣ መልሱን እየጠበቅን ነው። አንዳንዱ ወንድም ቪዛው ሲመጣ መስክር ብሎኝ ነበር። ሌንሳ ግን፣ “አባዬ፣ ከመጣ በኋላ ለቪዛው ነው የምትመሰክረው። አሁን ለጌታ መስክር” አለችኝ። ስለዚህ ቆምኩ። ቦታው የለም፣ ቪዛው የለም፣ ሐጂ ሲደውሉ ግን ስልኬን በደስታ አነሳለሁ።

ወገኖቼ፣ እዚህ መሐል የሰው ነገር ይዞ የጨነቀው ሊኖር ይችላል። እንዴት እንደሚከብድ እኔ አውቃለሁ። ጌታን እመነውና መልስ። ብቻውን መሄድ የፈራ ካለ ነገ ጠዋት ባንክ ሲከፈት እኔ አብሬው እሄዳለሁ።