በውስጥ በኩል የተሰፋው ኪስ

መርፌዋ ስትወጋ፣ ክሩ ተከተላት…

ከዚያ ወዲያ ያለው ጠፍቷታል። እናቷ ከስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ ስታንጎራጉረው እየሰማች ያደገችበት ዜማ ነው። የመጀመሪያው ስንኝ ምላሷ ላይ አለ፤ ሁለተኛው የለም። ዛሬም ፍርድ ቤቱ በር ላይ ተሰልፋ ያችኑ አንዷን ስንኝ ትመላልሳለች።

«እናቴ፣ ኮሌታዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አላት ጥበቃው።

«መርፌ ነዋ!»

«ያውም ሁለት! ሊወጉን ነው እንዴ የመጡት?»

«መውጋቱንማ ቤቴ ጨርሼው ነው የመጣሁት።»

ጥበቃው ሳቀ፤ መርፌዎቹንም ተቀብሎ አስቀመጠላት። እሷ አልሳቀችም።

ልብስ ሰፊ ናት። አንድ መስኮት ባላት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ጣቷ በጠመኔ እንደነጣ፣ ሠላሳ ዓመት ሰፍታለች። ሰፈርተኛው «ድርብ» ይላታል፤ ሌላው አንዴ የሚሰፋውን እሷ ሁለቴ ካልሰፋች እንቅልፍ አይወስዳትም። «ድርብ የሰፋችው ሱሪ ባለቤቱ ሲያልቅ እንኳ አያልቅም» እያሉ ደንበኞቿ ይቀልዱባታል። ባል አላገባችም። እናታቸው ስትሞት ታናሽ ወንድሟን እናትም እህትም ሆና አሳደገችው።

ወንድሟ ቀለም ቀቢ ነበር፤ ግድግዳ ላይ ያለ ማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር የሚያወርድ። አምና ከመሰላል ወድቆ ቀኝ እጁ ተሰበረ። አጥንቱ ገጠመ፣ መንቀጥቀጡ ግን አልተወውም። መስመሩ ሲጣመም ጊዜ አሠሪዎቹ መጥራት ተዉ። አንድ ጠዋት የሥራ ቱታውን ጠረጴዛዋ ላይ ጣለላት።

«እትዬ፣ ኪሱ ተቀዶ ዕቃ እየጣለብኝ ነው። ጣፊልኝ።»

እሱ ሲወጣ እጇን ኪሱ ውስጥ ሰደደች። ጥግ ላይ ትንሽ የወረቀት ጥቅል ተሸጉጣለች። አሸተተቻት። ሐሺሽ ነው።

ጥያቄው ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ብትጠይቀው ተቆጥቶ ጥሏት ይሄድ መሰላትና መልሳ ዋጠችው። ጥቅሏን ባገኘችበት ብትተዋት፣ ኪሱን እንዳለ ብትጥፈው ምን ነበረበት? እሷ ግን የተቀደደውን ነቅላ ጣለች። በወገቡ በኩል፣ ከገበሩ ሥር፣ ከውጭ የማይታይ አዲስ ኪስ ሰፋች። አፉን ለደህናው ለግራ እጁ እንዲመች አድርጋ አዞረችው። ጥጎቹን እንደ ልማዷ በሦስት ማዕዘን ስፌት አጠበቀቻቸው። ጥቅሏንም እዚያው ከተተቻት። «ብቻ እንዳይያዝብኝ» አለች በልቧ።

ማታ ሲመጣ በእጁ ዳሰሰው። ቀና ብሎ አያት። እሷም አየችው። ዝምታውንም አብረው ሰፉት።

በአራተኛው ወር ፖሊስ ያዘው። ከዚያው ኪስ አሥራ አንድ ጥቅል ወጣ።

ጥፋቱን አምኗል፤ ዛሬ የቀረው ቅጣቱ ነው። ጠበቃው ደጅ ላይ ሲያስረዳት፣ «የመጀመሪያ ጥፋቱ ነው፣ መጠኑም ትንሽ ነው። ዳኛዋ ከተቀበሉን በገደብ ወጥቶ ቤቱ ይገባል። እርስዎ ስለ ጠባዩ ብቻ ይመስክሩ፤ ሌላ ምንም እንዳይጨምሩ» ብሏታል።

ችሎት ሲገቡ ዐቃቤ ሕጉ ግን ቱታውን ገልብጦ ወደ ላይ አነሳው።

«ክብርት ዳኛ፣ የመጀመሪያ ጥፋቱ መሆኑን አንክድም። ይህን ኪስ ግን ይመልከቱልን። ድንገት የተሳሳተ ሰው እንዲህ ያለ ኪስ አያሰፋም። ታስቦበት፣ ተለክቶ የተሠራ ነው። በገደብ ሊለቀቅ አይገባም፤ ሁለት ዓመት ይታሰርልን።»

ድርብ የገዛ ስፌቷን በመስኮቱ ብርሃን አየችው። አቤት ማማሩ! እንዳይያዝ ብላ የሰፋችው ይኸው ጎትቶ ሊያስገባው ነው።

«ማን ሰፋልህ?» አሉ ዳኛዋ።

«ራሴ ነኝ» አለ ወንድሟ፣ መሬት መሬት እያየ።

ይህ ሰው በዕድሜው አንዲት ቁልፍ ተክሎ አያውቅም። ያን ጊዜ፣ ማንም ሳይጠራው፣ የጠፋው የመርፌና የክሩ ስንኝ በእናቷ ድምፅ መጣ፦

እሷ ወጥታ ሄደች፣ እሱ ግን ቀረላት።

ለምስክርነት ተጠርታ ማለች። ስለ ተከሳሹ ጠባይ እንድትናገር ሲጠይቋት፣ «መጀመሪያ ስለ ኪሱ ልናገር» አለች። ጠበቃው ዐይኑን ጨፈነ።

«እትዬ፣ ተይ!» አለ ወንድሟ።

«አንተ ዝም በል» አሉ ዳኛዋ። ወደ እሷ ዞረው፣ «የሚናገሩት እርስዎንም ሊያስጠይቅዎ ይችላል። ይህን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። ጥጉን ይዩልኝ፣ ሦስት ማዕዘን ነው። ሱቄ ያለው ልብስ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያልቀው። እሱ የተቀደደ ኪስ ጣፊልኝ ነው ያለኝ። ወደ ውስጥ የደበቅሁት እኔ ነኝ። የያዘውን አሽትቼ አውቄያለሁ፣ አልጠየቅሁትም። ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ብልጠቱ ግን የኔ ነው።»

ዳኛዋ ብዙ ጻፉ። ከእረፍት በኋላ ውሳኔው ተነበበ፦ ኪሱ በእሱ ላይ የቅጣት ማክበጃ አይሆንም፤ የአንድ ዓመት እስራት፣ ለሁለት ዓመት በገደብ። ልብስ ሰፊዋ ሰኞ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ቀርባ ቃሏን ትስጥ።

በሩ ላይ ጥበቃው መርፌዎቿን መለሰላት። «ይኸው፣ ማንንም ሳይወጉ ዋሉ» አላት።

ወንድሟ ግማሽ መንገድ ላይ ቆም ብሎ ወደ እሷ ዞረ።

«ማን ተናገሪ አለሽ?» አለ።

«ያኔስ ማን ዝም በይ አለኝ?»

ጥቂት ሄዱ።

«ያን ቀን ብትጠይቂኝ ኖሮ…»

«ትተወው ነበር?»

«እንጃ። እዋሽሽ ነበር መሰለኝ። ግን አንዴ ብትጠይቂኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

ከኪሱም፣ ከሰኞውም ይልቅ ይህቺ ቃል ገብታ አንጀቷ ውስጥ ቀረች።

እሱ ከተያዘ ጀምሮ ተቀምጣ በልታ አታውቅም። ምድጃው አጠገብ ቆማ፣ ከድስቱ ጨልፋ፣ ጎርሳ ወደ ስፌት መኪናዋ ትመለስ ነበር። ወንድሟ ታስሮ ተደላድላ መብላት ነውር ሆኖባት። ዛሬ ቤት ሲገቡ ሾርባውን ያሞቀው እሱ ነው። ዳቦውን በግራ እጁ ቆረሰው፣ አንዱ ግንድ አንዱ ፍርፋሪ። ወንበሯ ላይ የተቆለለውን ያላለቀ የደንበኛ ልብስ አንስቶ አልጋው ላይ ጣለው።

«ተቀመጪ።»

«ይሄው ቆሜ ልቅመሰው፣ ሥራ አለብኝ።»

«ሥራሽንማ ዛሬ አገር አየልሽ። ተቀመጪ እንጂ እትዬ!»

ሳቅ አመለጣት፤ ተከትሎት እንባ መጣ። በመሐረብ ፈንታ በአንድ ቁራጭ ገበር ጠረገችው።

«ዛሬስ ኪስህ ውስጥ ምን አለ?» አለችው።

እሱ የሁለቱንም ኪሶች ገበር ወደ ውጭ ገልብጦ አሳያት። ባዶ ናቸው።

ወንበሩን ሳበች። ተቀመጠች። ማንኪያዋንም አነሳች።