የዳቦ ጋጋሪው እንቅልፍ

ሰፈሩ «የሌሊት ወፍ» ይለው ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሰው ሲተኛ ወጥቶ ዳቦ ሲጋግር የሚያድር፣ ሰው ሥራ ሲገባ ወደ አልጋው የሚገባ ሰው ሌላ ምን ይባላል? ሚስቱ ደግሞ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው፤ ጠዋት ወጥታ ማታ ትመለሳለች። አልጋው አንድ ነው፤ እሷ ስትነሳለት እሱ ይገባበታል። ባልና ሚስት ከአንድ ወንዝ ይቀዳል ይባላል፤ እነዚህ ግን በፈረቃ ነበር የሚቀዱት። ሲጣሉም ታይተው አያውቁም። መቼ ተገናኝተው!

ከዚያ ዳቦ ቤቱ ተሸጠ። ምድጃው ተነቅሎ ጭነት መኪና ላይ ሲወጣ ጋጋሪው ዳር ቆሞ አየ። አላዘነም፣ አልተናደደምም። ቤቱ ገብቶ ተቀመጠ፤ እንደተቀመጠም ወር አለፈው። ሲጠይቁት ይመልሳል፣ ሲያቀርቡለት ይበላል፤ በቃ፣ ደንዝዟል። ሚስቱ ክሊኒኩ በር ላይ የተለጠፈ የውድድር ማስታወቂያ አይታ ሳትጠይቀው አስመዘገበችው፦ ሐይቅ ውስጥ ሰባት መቶ ሃምሳ ሜትር ዋና፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ አምስት ኪሎ ሜትር ሩጫ።

«በዚህ ዕድሜዬ?» አላት።

«ቁጭ ብለህ ከምትሻግት ሮጠህ ሙት» አለችው። ቀጥላ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ ከአንተ ጋር መኖር አላውቅበትም። እስከ ውድድሩ ልየው። ካልሆነ እህቴ ጋ እገባለሁ» አለች።

እሺ አለ። ሦስት ወር ዋኘ፣ ነዳ፣ ሮጠ። አልጠላውም፣ አልወደደውምም። የሚተኛው ግን እንደ ድሮው ጠዋት እሷ ስትወጣ ነበር።

ሁለት ሳምንት ሲቀረው አዘጋጆቹ የሰጡት ወረቀት ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጠፈ። ባቄላና ጥሬ ቅጠል ተው፤ አዲስ ምግብ አትሞክር፤ በየማታው በተመሳሳይ ሰዓት ተኛ፣ እንቅልፍህ ከስምንት ሰዓት አይነስ። ዱቄት ሳይመዝን ሊጥ ነክቶ የማያውቅ ሰው ነውና ወረቀቱን ቃል በቃል ያዘው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ከሚስቱ ጎን ይጋደማል። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ፤ ገላው ግን ማታ መተኛትን ከየት ይልመደው! ሌሊት ስምንት ሰዓት ሲሆን እጆቹ ሊጥ ፍለጋ ይነቃሉ። እሷን እንዳይቀሰቅስ ብሎ ሳይገላበጥ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ ይነጋበታል።

የውድድሩ ዋዜማ ሩዙን በሚዛን ለክቶ ቀቀለ፤ ከድንችና ከእንቁላል ጋር በላ። የዋና መነጽሩን፣ ጫማውን፣ የራስ ቁሩን በሚለበሱበት ተራ ወንበር ላይ ደረደረ። ሚስቱ ከሥራ ገብታ አየችው።

«ሙሽራ ልትድር ነው እንዴ?» አለች።

መሳቅ እንዳለበት ገባው፤ ሳቁ ግን አልመጣም።

ውድድሩ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው፤ ቁርስ ደግሞ ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ መበላት አለበት። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ተነሥቶ ሙዝና ዳቦ ሲያቀርብ እሷም ተከትላው ወጣች።

«እንዴት አደርሽ? ተኛሽ?»

«በደንብ። አንተስ?»

«በደንብ።»

ሻይዋ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ጨው ጨመረች። አማስላ ፉት ስትል ፊቷ ተጨማደደ።

«አልተኛሽም» አላት።

ብርጭቆውን አስቀመጠች። «አንተ ካለህ ዓይኔ አይከደንም። አሥራ አራት ሌሊት ሙሉ። እንዳልቀሰቅስህ ብዬ እንደ ግንድ ነው የምጋደመው።»

«እኔም እኮ አልተኛሁም። አንቺን እንዳልቀሰቅስ ብዬ።»

ሌላ ባልና ሚስት ቢሆኑ ሳቅ በሳቅ ይሆኑ ነበር። እሱ ጨው የገባበትን ሻይ ደፍቶ ሌላ ቀዳላት።

«እህቴ ክፍሉን አጽድታልኛለች» አለች በመጨረሻ። «ዛሬ ግን እመጣለሁ፤ ዕቃህን እይዝልሃለሁ።»

ወረቀቱ ብላ ስለሚል ሙዙን በላ።

የሐይቁ ውኃ ቀዝቃዛ ነበር፤ ግድ አልሰጠውም። ብስክሌቱን ነዳ፣ ሮጠ፣ ከመጨረሻ አራተኛ ሆኖ ገባ። ቀና ብሎ ተመልካቾቹን አየ። ሚስቱ የለችም።

ያኔ ፈራ። ምድጃው ሲነቀል ያልመጣ ፍርሃት አሁን መጣ። ሄዳለች ብሎ አሰበ። ውኃ የምታቀብለዋን ሴት ገፍቶ አለፈ፣ በብስክሌቶቹ መካከል እየተሹለከለከ ሮጠ፤ በውድድሩ እንደዚያ አልሮጠም።

ከዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ አገኛት። ቁጭ እንዳለች፣ አፏን ከፍታ፣ ፎጣውን ታቅፋ እንቅልፍ ጥሏታል። ቀስ ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ። ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «መጣህ?» አለችና ራሷን እርጥብ ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ ማንኮራፋት ጀመረች።

በድምፅ ማጉያ ቁጥሩን ጠሩት፤ ሜዳሊያ ለጨረሰ ሁሉ ይሰጣል። ደግመው ጠሩት። የቀኝ ባቱ ተኮማትሮ ያመው ጀመር፤ በጣም አመመው። እግሩን ሊዘረጋ ፈለገና ተወው።